ጽዱን ያደረቀው ገረጋንቲ

ደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ አንድ የቆየ መናፈሻ ይታደስ ተባለ። ተቋራጩ ዝቅ ያለውን መሬት በገረጋንቲ ሞልቶ ጠቀጠቀ፣ ላዩን ኮብልስቶን አነጠፈ፣ በትልቁ ጽድ ዙሪያም የሲሚንቶ መደብ ሠራ። የመብራት ገመዱ ቦይ ከግንዱ ሁለት ሜትር ላይ አለፈ። ሲመረቅ ዓይን የሚስብ ነበር። ሁለተኛው ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ጽዱ ከጫፉ ይደርቅ ጀመር።

«በሽታ ነው፣ መድኃኒት ይረጭ» ተባለ። የግቢው ዘበኛ ለመጣው ባለሙያ፦ «ልጄ፣ ይህ ዛፍ እግር ነበረው፤ ዛሬ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ ነው መሬት የገባው» አሉት። እውነታቸውን ነው። የጤነኛ ዛፍ ግንድ መሬት ሲደርስ ይሰፋል፤ ካልሰፋ ተቀብሯል ማለት ነው። መደቡ ሲፈርስ 40 ሳንቲሜትር ሙሊት ተገኘ፤ በሙሊቱ የተሸፈነው ቅርፊት ረጥቦ በጣት ይላጥ ነበር።

ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች አብዛኞቹ ከላይኛው 60 ሳንቲሜትር አፈር አይወርዱም፤ አየርም ይፈልጋሉ። የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ያፍናቸዋል። ዛፉ ባጠራቀመው ምግብ ስለሚሰነብት ጉዳቱ የሚታየው ተቋራጩ ሒሳቡን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ነው።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት የግንዱ ውፍረት ከመሬት 1.4 ሜትር ከፍታ ላይ ይለካ። ሜትሩ የሚሰጠው ዙሪያውን ስለሆነ ለ3.14 ይካፈል፤ የተገኘው በ12 ሲባዛ ከግንዱ እስከ መከላከያ አጥሩ ያለውን ርቀት ይሰጣል። ውፍረቱ 70 ሳንቲሜትር ለሆነ ጽድ 8.4 ሜትር ማለት ነው። እዚያ ውስጥ መኪና አይገባም፣ አሸዋ አይከመርም፣ ሲሚንቶ አይቦካም። ገመድ የግድ ካለፈ በእጅ ይቆፈር፤ ከ2.5 ሳንቲሜትር የወፈረ ሥር ሳይቆረጥ ገመዱ ከሥሩ በታች ይሹለክ።

የተቀበረውን ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። ዶማ ሥር ይበጣል፤ በትንሽ መኮትኮቻና በእጅ፣ ደመናማ ቀን ተመርጦ፣ የተገለጠው ሥር በረጠበ ጆንያ እየተሸፈነ ይሠራል። የግንዱ መስፊያ ሲታይ ይቆማል። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር የረገፈ ቅጠል ይነስነስ፣ ግንዱን ግን አይንካ። ደረቅ ቅርንጫፍ እንጂ አረንጓዴው አይቆረጥ፤ የቀረው ቅጠል ነው የሚመግበው።

የመናፈሻው ቅርስነት ዛፉ ላይ ብቻ አይደለም፤ የመሬቱ ከፍታ፣ የእግር መንገዱና የውሃ መውረጃው ጭምር ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የፍሎረንስ ቻርተር፣ ስለ ታሪካዊ አትክልት ስፍራዎች አጠባበቅ የወጣ ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ ታሪካዊ የአትክልት ስፍራን እንደ ሕያው ሐውልት ይቆጥራል፤ ዛፍ ስለሚያረጅም መተካቱ በዕቅድ እንዲሆን ይጠይቃል። በደረቀ ጽድ ቦታ ዘንባባ መትከል ግን መተካት አይባልም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም አይምረውም። ዘሩ ከዚያው ግቢ ጽድ ይለቀም፣ ችግኙም ሐምሌ ላይ ይተከል። ሲተከል ችግኙ በፕላስቲክ ውስጥ ያደገበት አፈር ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ከጠለቀ ያው የግንድ መበስበስ ይከተላል።