ሞለኪውሏ በየትኛው በኩል ቆመች?

ከአንዲት ሞለኪውል ዳዮድ፣ ማለትም ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያደላ መሣሪያ፣ መሥራት ይቻላል የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። ተመራማሪዎቹ አቪራምና ራትነር በ1974 በንድፈ ሐሳብ አቀረቡት። አንዱ ጫፍ ኤሌክትሮን ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ፣ መሃል ላይ ሁለቱን የሚለይ ድልድይ። ከረንቱ በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ ያልፋል፣ ሲመለስ ይቸገራል።

እኔም ከዚሁ ተነሣሁ። ንድፌ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ያምር ነበር። ወርቅ ላይ እንድትይዝ በሁለቱም ጫፎች ሰልፈር አደረግሁባት። ሰልፈር ወርቅ ይወዳል፣ ምን ችግር አለው ብዬ።

ችግሩ ያው እሱ ነበር።

አለካኩ እንዲህ ነው። የወርቅ ሽቦ ጫፍን ከወርቅ ገጽ ጋር እናነካካና ቀስ ብለን እንስበዋለን። ወርቁ ቀጥኖ አንድ አቶም ብቻ ሲቀረው፣ ከረንት የማሳለፍ አቅሙን በሚያሳየው ግራፍ ላይ 77.5 ማይክሮሲመንስ (የዚህ አቅም መለኪያ) ገደማ ላይ ደረጃ ይታያል። ከዚያ ብጥስ ይላል። ዕድል ከቀናን ክፍተቱን አንዲት ሞለኪውል ትሞላዋለች፤ ከታች ሌላ፣ አነስ ያለ ደረጃ ብቅ ይላል። ይህንን ሺህ ጊዜ መድገም ነው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም።

የሁሉንም አማካይ ሳወጣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያልፈው ከረንት እኩል! ሳምንት ሙሉ ሞለኪውሏን ስረግም ከረምኩ። በኋላ ነው የገባኝ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት መያዣ ካለው በየትኛው በኩል መቆም እንዳለባት ማን ነገራት? ግማሾቹ ቀጥ፣ ግማሾቹ ተገልብጠው ይቆማሉ፤ አማካዩ ላይ ይጠፋፋሉ። አንዱን ሰልፈር በኬሚካል ሸፈንኩት፣ ያልተሸፈነውን ወርቁ ላይ አስያዝኩ፣ ከዚያ ሽፋኑን አነሣሁ። ልዩነቱ ወዲያው ታየ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ለማመሳከር ሁለት ጎኗ ፍጹም አንድ የሆነ ሞለኪውል ለካሁ። እሷም ዳዮድ ሆና ቁጭ! ጥፋቱ የኔ ነበር። ያን ቀን ፕሮፒሊን ካርቦኔት የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ጨው አሟሙቼ ነበር የምሠራው። ከረንቱ በፈሳሹ በኩል እንዳይሾልክ የሽቦውን ጫፍ የቀለጠ ሰም ውስጥ ነክሬዋለሁ። ራቁቱን የቀረው ወርቅ እንጥፍጣፊ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለው ገጽ ግን ሰፊ። የጨው አዮኖች (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) በሁለቱ ላይ እኩል አይከማቹም። ሚዛኑን ያዛባው ሞለኪውሏ ሳትሆን ፈሳሹ ነው።

የሚያስቀው፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ይህንኑ ሆን ብለው ተጠቅመውበታል፤ በ370 ሚሊቮልት በሁለቱ አቅጣጫዎች ከረንት መካከል ከ200 እጥፍ በላይ ልዩነት አገኙ። እኔ ስህተት ያልኩት ለእነሱ መሣሪያ ሆነ።

አሁን አዲስ ሞለኪውል ሲመጣ መጀመሪያ የምለካው ያቺን ሁለት ጎኗ አንድ የሆነችውን ነው። እሷ ወደ አንድ ወገን ካደላች አዲሷን አልነካም፤ ሽቦውን ቆርጬ እንደገና ሰም አቀልጣለሁ።