የፍትሐ ብሔር ክስ የሚዘጋው በእርጅናው ነው ወይስ በከሳሹ መቅረት?

ደብረ ብርሃን ላይ በጥብቅና ስሠራ፣ ተከራካሪዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ «ክሴ ብዙ ዓመት ስለቆየ ፍርድ ቤቱ ይዘጋብኝ ይሆን?» የሚል ነው። ክሱ ስላረጀ ብቻ አይዘጋም። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሚመለከተው በቀጠሮው ቀን ማን እንደቀረበና ማን እንደቀረ እንጂ የመዝገቡን ዕድሜ አይደለም። ብዙዎች ከዚህ ጋር የሚያምታቱት ይርጋ (ክስ ለማቅረብ ሕጉ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ) ደግሞ ክስ ከመቅረቡ በፊት ያለፈውን ጊዜ የሚመለከት ነው፤ ለምሳሌ ከውል ለሚመነጭ ጥያቄ በመርህ ደረጃ 10 ዓመት ነው።

ሌሎች አገሮች የመረጡት መንገድ የተለየ ነው። በካናዳዋ አልበርታ ግዛት ክርክሩን በጉልህ የሚያራምድ እርምጃ ሳይወሰድ 3 ዓመት ካለፈና ተከሳሹ ካመለከተ፣ ሕጉ ከሚፈቅዳቸው ጥቂት ሁኔታዎች በቀር ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ ማድረግ አለበት። በአሜሪካ ካሊፎርኒያም ክሱ በቀረበ በ5 ዓመት ውስጥ መሰማት ካልጀመረ፣ በልዩ ሁኔታ ካልተራዘመ በቀር፣ ይሰረዛል። በእነዚህ ቦታዎች ነገሩን ያጓተተው ሰው የሚመዘነው ባልሠራው ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ግን ዓመታት ሙሉ ቀጠሮውን አክብሮ የተመላለሰ ከሳሽ አንድ ጠዋት ሲቀር የሚገጥመው ውጤት፣ ከመጀመሪያውም ክሱን ችላ ካለው ሰው ጋር አንድ ነው።

የውጤቱ ክብደት ደግሞ በተከሳሹ መገኘት ላይ ይንጠለጠላል። ሁለቱም ወገኖች ከቀሩ በአንቀጽ 69(2) መዝገቡ ይዘጋል፤ ከሳሹ ግን የዳኝነት ክፍያ ከፍሎ እንደገና መክሰስ ይችላል። ከሳሹ ቀርቶ ተከሳሹ ከተገኘና የተጠየቀውን ካላመነ ግን በአንቀጽ 73 ክሱ ይሰረዛል፣ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ ማቅረብም አይቻልም። የሚቀረው መንገድ በአንቀጽ 74(2) መሠረት በአንድ ወር ውስጥ ለመቅረቱ በቂ ምክንያት ማቅረብና ትእዛዙ እንዲነሳ መጠየቅ ነው።

በሰሜን ሸዋ ይህ ድንጋጌ በብርቱ የሚጎዳው፣ እንደማየው ከሆነ፣ ነገሩ ለሽማግሌ የተሰጠበትን ሰው ነው። ሁለት የመንዝ ጎረቤታሞች በውርስ ወይም በብድር ተካስሰው ክርክሩ ሲረዝም ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ ከሳሹም «እሺ፣ ለእናንተ ሰጥቻለሁ» ካለ በኋላ እርቅ እየተጠየቀ ችሎት መቆም ሽማግሌን መናቅ ይመስለዋል። ሽምግልናው ሳያልቅ ቀጠሮው ይደርሳል። የተከሳሹ ጠበቃ ይቀርባል፣ ችሎት አስከባሪው በር ላይ ወጥቶ የከሳሹን ስም ይጣራል፣ መልስ የለም፤ ዳኛውም «ክሱ ተሰርዟል፤ መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ብለው ያዛሉ። ከሳሹ ይህን የሚሰማው አንዳንዴ ወሩ ካለፈ በኋላ ነው። ከመሐል ሜዳ ተነስቶ የጣርማበርን ጉም አቋርጦ ደብረ ብርሃን የደረሰውም ቢሆን፣ ስሙ ከተጠራ በኋላ ከሆነ እንደቀረ ይቆጠራል። (ጠበቃ የያዘ ሰው ይህ ብዙም አያሳስበውም፤ ጠበቃ የሚይዘው ግን ገንዘብ ያለው ነው።)

ሕጉ እርቅን አይጠላም፤ ስምምነት ለፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል። ችግሩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሽምግልና ካልተነገረ በመዝገቡ ውስጥ አለመታየቱ ነው። ስለዚህ ደንበኞቼን ሽማግሌ በገባ ማግስት ሁለቱም ወገኖች የፈረሙበት አጭር ማመልከቻ እንዲያስገቡ፣ ሽማግሌዎቹም ጉዳዩን የያዙበትን ቀን በጽሑፍ እንዲሰጧቸው እመክራለሁ፤ ኋላ ክሱ ቢሰረዝ ከአቤቱታው ጋር የሚያያዝ ማስረጃ ይሆናል። ከዳኞች ደግሞ የምጠብቀው፣ አንቀጽ 73ን ከመጥቀሳቸው በፊት ፊታቸው የቆመውን ተከሳሽ «ነገሩን ሽማግሌ ይዞታል ወይ?» ብለው እንዲጠይቁት ነው። አዎ ካለ መዝገቡን በአጭር ቀጠሮ ማቆየት፣ በበቂ ምክንያት ቀጠሮ መለወጥ እንዲቻል ከሚፈቅደው ከዚያው ሕግ ጋር የሚጋጭ አይመስለኝም።