በስስ የመዳብ ፊልም ሲሙሌሽን ማንም ያልነገረኝ ስሌት

ይህን የምጽፈው ስስ ፊልም በኮምፒውተር ላይ እየጎተተ ጥንካሬውን ለማጥናት ለሚነሳ ሰው ነው፤ በጊዜው ነገሩን የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ቢገኝ ኖሮ አንድ ሴሚስተር በከንቱ ባላለፈ ነበር።

ጅምሩ አያስቸግርም። የአቶሞችን እንቅስቃሴ የሚያሰላው ላምፕስ በነጻ ይገኛል፤ ለመዳብ ሚሺንና ባልደረቦቹ በ2001 ያሳተሙት የአቶሞች መስተጋብር ሞዴል ይበቃል፤ ውጤቱን በዓይን ለማየት ኦቪቶ አለ። የጊዜ እርምጃው 1 ፌምቶ ሰከንድ፣ ሙቀቱ 300 ኬልቪን ይሁን። መብራት በጠፋ ቁጥር ከዜሮ ላለመጀመር ፕሮግራሙ ያለበትን ሁኔታ በየጊዜው እንዲያስቀምጥ ማዘዝ አይዘንጋ።

ጣጣው የመጣው ከውጥረቱ ንባብ ነው። ፊልሜ 10 ናኖሜትር ውፍረት ያለው አንድ ወጥ ክሪስታል ሲሆን፣ ላይኛውና ታችኛው ገጹ ነጻ እንዲሆን 30 ናኖሜትር ከፍታ ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሁት፤ የቀረው 20 ናኖሜትር ባዶ ነው። መዳብ በክሪስታሉ ኩብ ጠርዝ አቅጣጫ ሲጎተት የያንግ ሞጁለሱ (ውጥረቱ ለመለጠጡ ሲካፈል የሚገኘው የግትርነት መለኪያ) 67 ጊጋፓስካል ገደማ እንደሆነ ይታወቃል። እኔ ያገኘሁት ወደ 22 የሚጠጋ ነበር።

የሰርቨር ክፍሉን ስጠይቅ «ፕሮግራሙ ያለ ስህተት ጨርሷል» የሚል የአንድ መስመር መልስ ላኩልኝ። አማካሪዬ ደግሞ ፊልሙ ስስ ስለሆነ ገጹ አለስልሶት ነው፣ እንዲያውም ጥሩ ግኝት ነው አሉኝ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይህ ማብራሪያ ነው፤ ምክንያቱም የገጽ ተጽዕኖ በእርግጥ ያለ ነገር በመሆኑ አባባሉ አሳማኝ ይመስላል፤ ነገር ግን በ10 ናኖሜትር ውፍረት ሞጁለሱን ወደ ሲሶ ሊያወርደው አይችልም።

ፊልሙን ሳልነካ ሳጥኑን ብቻ ወደ 60 ናኖሜትር ከፍ ባደርገው ሞጁለሱ ወደ 11 ወረደ። ባዶ ቦታ መዳብን ሊያለሰልስ አይችልም! ላምፕስ ከአቶሞቹ ያገኘውን ድምር የሚያካፍለው ለፊልሙ ሳይሆን ለመላው ሳጥን ይዘት ነው፤ ባዶው ቦታም እንደ መዳብ ይቆጠራል። ጉዳዩን ይበልጥ የሸፈነው ደግሞ ጎኑን በዜሮ ግፊት የሚይዘው መቆጣጠሪያ ምንም አለመረበሹ ነው፤ ዜሮ በምንም ቢካፈል ዜሮ ነውና።

መፍትሔው አጭር ነው። ፕሮግራሙ የሚያወጣውን ውጥረት በሳጥኑ ይዘት አባዝቶ ለፊልሙ ይዘት ማካፈል ነው። የፊልሙን ይዘት ግን ከላይኛው አቶም እስከ ታችኛው አቶም በመለካት አታስሉት፤ የገጽ አቶሞች ግማሽ ድርሻ ይቀርባቸዋል። አቶሞቹን ቆጥሮ እያንዳንዱን በ11.8 ኪዩቢክ አንግስትሮም ማባዛት ይሻላል። ብዙዎች የሚመክሩት የሳጥኑ ጣሪያና ወለል ፊልሙን እየተከተለ እንዲጠብ ማድረግን ነው። እኔ አልስማማም፤ የፊልሙ የአቶም ንብርብሮች እርስ በርስ መንሸራተት ሲጀምሩ ገጹ ላይ ደረጃ ይወጣል፣ አንድ ወጣ ያለ አቶም ደግሞ ጣሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ያኔ ይዘቱ እንደገና ይዛባል።

የሰርቨር ክፍሉ መመሪያ «በተቻለ መጠን ብዙ ፕሮሰሰር ይጠይቁ» ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ ጥቂት ሺህ አቶሞች ያሉትን ሙሉ ክሪስታል፣ ያለ ባዶ ቦታ፣ በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ጎትቱ እላለሁ። 67 አካባቢ ካልመጣ ወረፋ አትያዙ። ከዚያ ባዶ ቦታውን ጨምሩና ቁጥሩ መቀየር አለመቀየሩን እዩ።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም ቢሆን፣ ፊልሙ መጀመሪያ የሚንሸራተትበትን ውጥረት ከላቦራቶሪ መለኪያ ጋር አታወዳድሩ። በኮምፒውተር የሚጎተተው በሴኮንድ ከመቶ ሚሊዮን እጥፍ በላይ በሆነ የመለጠጥ ፍጥነት ነው፤ በላቦራቶሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ አንድ ሺኛ ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ የእኛ ክሪስታል ሲጀመር አንድም ዲስሎኬሽን (መንሸራተትን የሚያቀልል የአቶሞች አሰላለፍ ጉድለት) የለበትም። ሞጁለሱን አወዳድሩ፤ ጥንካሬውን ተዉት።