ሦስት ሚሊሜትር ያስከፈለኝ ቤዝ ጊታር

ቤዝ ጊታሬ ላይ፣ ብሪጁ (ክሮቹ ግርጌ ላይ የሚታሰሩበት ብረት) አጠገብ ካለው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ማግኔትና ጥቅል ሽቦ) ጎን፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቀለም ተነስታለች። ሰው ሲጠይቀኝ «ዕድሜ ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። በመሮ የሰበርኩት እኔ ነኝ። ያውም በጥር፣ ሐሙስ ማታ፣ ቅዳሜ ሰርግ ላይ መጫወት እያለብኝ።

ቤዙ ጃዝ ቤዝ የሚባለው የአሜሪካው ፌንደር ኩባንያ ሞዴል ቅጂ ነው። ርካሽ ነው፣ አንገቱ ግን ቀጥ ያለ ነው። ያልወደድኩት ድምፁን ነበር። ይጮሃል፣ ይንጫረራል፣ አንዴ የመታኸው ኖታ አልጠፋም ይላል። እኔ ደግሞ ያደግኩት የሮሃ ባንዱን ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮን በአባቴ ካሴት እየሰማሁ ነው። የምፈልገው «ዱም» ብሎ ቦታውን የሚለቅ ድምፅ ነው። በተለይ ችክችካ ላይ፣ ረጅም የቤዝ ኖታ ከበሮውን ይውጠዋል።

ስለዚህ የድሮውን አሠራር የሚከተሉ ዕቃዎች አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በሻንጣዋ አመጣችልኝ። ባለ አልኒኮ ማግኔት ሁለት ፒክአፕ፣ 250 ኪሎ ኦም የሆኑ ሦስት ፖቶች (ድምፁን የሚያስተካክሉ መዞሪያዎች)፣ አንድ ካፓሲተር (ቀጭኑን ድምፅ ለመቀነስ የሚረዳ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ)፣ ከብረት ሰሌዳ ታጥፎ የተሠራ ብሪጅ፣ እና ጠፍጣፋ ጥቅል ክር። ሻጩ «ከማንኛውም ጃዝ ቤዝ ጋር ይገጥማል» ብሎ ጽፏል። እኔም አመንኩት።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። ብሪጁ በድሮዎቹ የብሎን ቀዳዳዎች ገባ፤ ዕድል ነው። ለፖቶቹ ቀዳዳው ጠቦ ነበር፣ በሞረድ አሰፋሁት። ብየዳው ሁለት ሰዓት ወሰደ። ካፓሲተሩን በተመለከተ ግን የምለው አለኝ፦ 0.047 ማይክሮፋራድ እስከሆነ ድረስ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ የምታገኙት ርካሹም ያው ሥራ ይሠራል። «የድሮ ዓይነት» የሚል ወረቀት ስለተለጠፈበት ብቻ ከፍዬበታለሁ። ዛሬም ያናድደኛል።

ከዚያ ፒክአፖቹ መጡ። አንገቱ በኩል ያለው ቁጭ አለ። ብሪጁ በኩል ያለው እምቢ አለ። ጫን አልኩት። አዞርኩት። ፒክአፑ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ቀለም ተጠራቅሞ ይሆናል ብዬ በካቻቢቴ ፋቅ ፋቅ አደረግኩ። ማስመሪያ ያነሳሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጉድጓዱ የተሠራው 91 ሚሊሜትር ግድም ለሆነ ፒክአፕ ነው። አዲሱ 94 ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሮቹ ወደ ብሪጁ ሲሄዱ እየተራራቁ ነው የሚሄዱት። በእውነተኛው ጃዝ ቤዝ ላይ ብሪጁ በኩል ያለው ፒክአፕ ከሌላው ሦስት ሚሊሜትር ያህል የሚረዝመው ለዚህ ነው። አንዳንድ ርካሽ ቅጂዎች ግን ሁለቱንም በአንድ ልክ፣ በአጭሩ ይሠሯቸዋል። የእኔም እንደዚያ ነው። ዕቃውን ከማዘዜ በፊት የድሮውን አውጥቼ ብለካው ኖሮ አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ለሻጩ ጻፍኩለት። የተከፈተ ዕቃ አልመልስም አለ። ቢመልስስ በማን ሻንጣ?

የድሮውን ፒክአፕ መልሼ ሰርጉን መጫወት እችል ነበር። ግን እልህ ያዘኝ። ከጎረቤት መሮ ተዋስኩ።

የዘንድሮ ርካሽ ጊታሮች ቀለም እንደ እንጨት ቫርኒሽ አይምሰላችሁ። ወፍራም ፖሊስተር ነው፣ እንደ መስታወት ነው የሚሰነጠቀው። በአንዱ ጫፍ በኩል ደህና ሄደልኝ። ልቤ አበጠ። በሌላው ጫፍ ሁለተኛዋን ምት ስመታ ቀጭ አለ። ቁራጩ ተፈናጥሮ አልጋ ሥር ገባ፤ ስንጥቁ ደግሞ እስከ ብሪጁ ድረስ ሮጠ። መሮውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ድምፁን ሰምታ በሩን ከፈተች። አየችው፣ አየችኝ፣ «ደህና ዕቃ ምን አድርጎህ ነው?» አለችና ዘጋችው። እስካሁን መልስ የለኝም።

መሆን የነበረበት ይህ ነው። ጠርዙ ላይ ፕላስተር መለጠፍ። መስመሩን በስለታም ምላጭ ደጋግሞ መብጣት፣ ቀለሙ እዚያው እንዲቆም። ከዚያ በጥሩ ሞረድ ከላይ ወደ ታች ብቻ፣ ወደ ጉድጓዱ መግፋት። ወደ ላይ ስትስቡት ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ከያንዳንዱ ጫፍ የሚፈለገው አንድ ሚሊሜትር ተኩል ነው። ለዚህ መሮ ማንሳት ራስ ምታትን በመጥረቢያ ማከም ነው።

ስንጥቁ ላይ ሱፐር ግሉ አፈሰስኩበት። አርብ ማታ ስሰካው ደግሞ ሌላ ጉድ፦ ህምምም ይላል። ክሩን ስነካው ይባስ ይጮሃል። ከብሪጁ ሥር የሚገባውን የኧርዝ ሽቦ ረስቼዋለሁ። ብሪጁን እንደገና ፈታሁ።

ቅዳሜ ተጫወትኩ። ድምፁ? ትንሽ ሞቅ አለ። ትንሽ። ድራመራችን ለውጥ መኖሩን እንኳ አላወቀም።

አዲሱን ክር ሐሙስ ለመቀየር ጊዜ አልነበረኝም። በሳምንቱ ቀየርኩት። ተራው ክር ላዩ ላይ የተጠቀለለው ሽቦ ክብ ስለሆነ ጣት ላይ ይሻክራል፣ ይጮሃልም። ይህኛው የተጠቀለለው በጠፍጣፋ ሽቦ ነው፣ ጣት ያንሸራትታል። አወጣጠሩ ስለሚከብድ አንገቱ ትንሽ ጎበጠ፤ ውስጡ ያለውን ዘንግ ሩብ ዙር ሳጠብቀው ተስተካከለ። ከዚያ ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር ወሸቅኩ።

ያ ድምፅ መጣ። የአባቴ ካሴት ድምፅ።

አዲስ ግኝትም አይደለም። የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን በ1962 (እ.ኤ.አ.) ፕሪሲዥን ቤዙ (ሌላው የፌንደር ሞዴል) ላይ ጠፍጣፋ ክር ነበር የሚያስረው፣ ስፖንጅም ነበረው፣ የሚመታውም በአንድ ጣት ነበር። ይህን ሁሉ አንብቤዋለሁ። አንብቤ ነው ፒክአፕ ያስመጣሁት!

ስለዚህ ሻጮቹ ፒክአፕ ቀይሩ ሲሏችሁ አትስሟቸው። መጀመሪያ ክርና ስፖንጅ። አንድ ወር ተጫወቱበት። ከዚያም ካልበቃችሁ ለኩ። በሰርግ ወር ግን ካቻቢቴ አትንኩ።

ፒክአፖቹን ከንቱ ናቸው አልልም። የእኔዎቹ ውስጣቸው ያለው ሽቦ እርስ በርስ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠመጠመ ስለሆነ ሁለቱም እኩል ሲከፈቱ ህምታው ይጠፋል። የኤሌክትሪክ መስመሩ የተበላሸ አዳራሽ ውስጥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለዚያ ቀለም ግን አይበቃም።

ባለፈው ድምፃቸውን ላወዳድር ብዬ የድሮውን አጭር ፒክአፕ ከመሳቢያ አወጣሁት። ጉድጓዱ ሰፍቶበታል። ውስጡ ገብቶ ወዲያ ወዲህ ይላል።