ለሌላ ሰው በተጻፈ መጽሐፍ ኬንያን ማየት

ከአዲስ አበባ በሞያሌ በኩል በየብስ ናይሮቢ፣ ከዚያም ሞምባሳ ለመሄድ ስዘጋጅ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ የእንግሊዝኛ የጉዞ መመሪያ ገዛሁ። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ጓደኞቼ «ስልክህ እያለ ይህን ጡብ ምን አሸከመህ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ባትሪ የማይጨርስ ነገር እወዳለሁ። ደግሞም ስልክ የሚመልሰው የጠየቁትን ነው፤ መጽሐፍ ያልጠየቁትንም ይናገራል።

ቤቴ ተቀምጬ እርሳስ ይዤ አነበብኩት። ዋጋ፣ የስልክ ቁጥርና የመነሻ ሰዓት የተጻፈበትን ሁሉ በስሱ ሰረዝኩ። እንዲህ ያለው መረጃ መጽሐፉ ሱቅ ሳይደርስ ማርጀት ይጀምራል፤ ጸሐፊው አገሩን ዞሮ፣ ጽፎ፣ እስኪታተም ድረስ ብዙ ወራት ያልፋሉና። ታሪኩን፣ ካርታውንና የዝናቡን ወራት አልነካሁም። አድካሚው ሥራ የትኛው ገጽ ለእኔ እንዳልተጻፈ መለየቱ ነበር። መጽሐፉ የሚያናግረው ከለንደን ወይም ከሲድኒ በአውሮፕላን የሚመጣ፣ ዶላር የያዘ ሰው ነው። ስለ ቪዛ ሰፊ ማብራሪያ ይሰጣል፤ ኢትዮጵያዊን ግን ኬንያ ቪዛ አትጠይቅም። በጤናው ምዕራፍ ጥግ ላይ ደግሞ ቢጫ ወባ ካለበት አገር የሚመጣ ሰው የክትባት ካርድ ማሳየት እንዳለበት የምትገልጽ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። የለንደኑ ሰው ዘሏት ቢያልፍ አይፈረድበትም። ኢትዮጵያ ግን ከእነዚያ አገሮች አንዷ ስለሆነች ለእኔ የምዕራፉ ቁም ነገር እርሷ ነበረች። ክትባቱን ወስጄ ካርዱን ፓስፖርቴ ውስጥ አስገባሁ።

ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለውን መንገድ መጽሐፉ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው፣ አቧራ እየቃሙ፣ ሽፍታ እየፈሩ የሚሄዱበት አድርጎ ነው የሚገልጸው። አሁን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መንገድ አስፋልት ለብሷል፤ አውቶቡስ ተሳፍሮ መተኛት ነው። እኔን የጠቀመኝ በኢትዮጵያ በኩል ሻይ የሸጡልኝ እናት ጥያቄ ነበር። «ልጄ፣ የመውጫውንም የመግቢያውንም ማህተም አስመትተሃል?» አሉኝ። የከተማው ሰው ለገበያ ወዲያና ወዲህ ስለሚል እርሱን ተከትሎ ሳያስመቱ መሻገር ቀላል ነው። ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2020 የጋራ የድንበር ጣቢያ ስለመረቁ ማህተሙ ራሱ ብዙ አያንከራትትም። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ፖሊስ አውቶቡሱን በየኬላው ያስቆማል። ብዙ ወገኖቻችን ያለ ሰነድ ወደ ደቡብ የሚሰደዱት በዚሁ መስመር በመሆኑ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ገጽ በገጽ ይታያል። ይህን ለፈረንጅ የጻፈ ሰው ከየት ያውቀዋል? ፓስፖርቴን ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ደረት ኪሴ ውስጥ አኑሬ አደርኩ።

ሌላም የማያውቀው ነገር አለ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ቆሎዬን በጨርቅ ከረጢት ይዤ የሄድኩት መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ምን እንደተለወጠ ቀድሜ ስላጣራሁ ነው።

ደስ ያለኝ ስለ ሰዓት የተጻፈው ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው እንደሆነ ይገልጽና ስድስት ሰዓት ስለ መደመርና መቀነስ ተጨንቆ ያስጠነቅቃል። ለእኛ ምን ያስጨንቃል? በስዋሂሊ የነገሩኝን እንደ አገሬ ሰዓት፣ በእንግሊዝኛ የነገሩኝን እንደ ፈረንጅ ሰዓት ወሰድኩ።

ባቡሩን በተመለከተ መጽሐፉ ከናይሮቢ መሀል ከተማ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ እየተጎተተ ሞምባሳ የሚያደርሰውን የቅኝ ግዛት ዘመን ባቡር በፍቅር ይተርካል። አዲሱ መስመር እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ሲጀምር የዚያ ባቡር ዘመን አበቃ። አዲሱ ጣቢያ ከመሀል ከተማ ራቅ ብሎ ሲዮኪማው አካባቢ ነው፤ የሞምባሳውም እንዲሁ ከከተማዋ ውጪ ሚሪቲኒ ይገኛል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ለመመላለሻ ጊዜና ገንዘብ መመደብ ያስፈልጋል። ይህን የነገረኝ የማረፊያዬ እንግዳ ተቀባይ ነው። በየደረስኩበት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ካርታውን ዘርግቼ «እዚህ ላይ አሁን የሌለው የቱ ነው?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። «የት ልሂድ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ይህኛው ሰውን ያናግራል፤ አንዱ እንዲያውም እርሳሴን ተቀብሎ ራሱ ሰረዘልኝ።

ሞምባሳ አሮጌው ከተማ ስገባ ግን መጽሐፉ ነፍስ ዘራ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1593 መገንባት የጀመሩት የፎርት ጂሰስ ምሽግ አልተንቀሳቀሰም፤ ጠባቦቹ መንገዶችም ካርታው ላይ እንዳሉት ናቸው። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 እዚህ ወደብ መድረሱን ሳነብ ልጁ ክሪስቶፎ ዳ ጋማ ትዝ አለኝ፤ በ1541 ምጽዋ ወርዶ ከግራኝ ጋር የተዋጋውና አገራችን የቀረው። መጽሐፉ ስለ እርሱ አንድም ቃል አልጻፈም። ባዶው ኅዳግ ላይ እኔ ጻፍኩለት።

ማረፊያ በመምረጥ ረገድ መጽሐፉ ያመሰገናቸውን ሆቴሎች ለአድራሻ ብቻ ተጠቀምኩባቸው። አንድ ቦታ ከተሞገሰ በኋላ እንግዳ መጥቶ ስለሚሞላው ዋጋው ይወጣል፣ አንሶላው ይረሳል። ሰፈሩ ግን ያው ጥሩ ሰፈር ነው። እዚያ እወርድና ከጀርባ ያለው መንገድ ላይ ክፍል አይቼ እከራያለሁ።

ከሁሉም የረዳኝ ሥጋ ለማይበሉ ፈረንጆች የተጻፈው ክፍል መሆኑ እስካሁን ያስቀኛል። ረቡዕና ዓርብ ከእርሱ የተሻለ የጾም መመሪያ አላገኘሁም። ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን ኡጋሊ ከሚሉት የበቆሎ ገንፎ ጋር፣ በቆሎና ቦሎቄ ተቀቅሎ የሚሠራው ጊቴሪ፣ በባሕሩ ዳርቻ ደግሞ በኮኮናት ወተት የበሰለ ቦሎቄ። የምግብ ቤቶቹን ስም ሰርዤ የምግቦቹን ብቻ ያዝኩ፤ ያየሁት መንገድ ዳር ገብቼ ስጠራቸው መጡልኝ።