ንቦቹ የማይታዩበት ፊልም

ትናንት ማታ ዳንግላ፣ አጎቴ ቤት፣ ስለ ገዳይ ንቦች በአነስተኛ ገንዘብ የተሠራ አንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም አብረን ተመለከትን። መንጋው ከጥቂት ቅጽበቶች በቀር አይታይም፤ የሚያስፈራው ድምፁ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ንብ ሲያነቡ የኖሩት አጎቴ፣ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ይስቡ ነበር።

በመካከሉ ግን «ልጄ፣ አንዷ ከነደፈች በኋላ ሌሎቹ ለምን እዚያው ቦታ ላይ አልሰፈሩም? ሽታው ይጠራቸዋል እኮ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቆዳ ላይ የሚቀረው መንደፊያ ሙዝ ሙዝ የሚል የማስጠንቀቂያ ሽታ ይረጫል፣ ማር ሲቆረጥ የምናጤሰው ጢስም አንዱ ጥቅሙ ይህን ሽታ መሸፈኑ ነው።

የፍርሃቱ ምንጭ እውነተኛ ታሪክ ነው፦ ከአፍሪካ ወደ ብራዚል የተወሰዱ ንቦች በ1957 እ.ኤ.አ. አምልጠው ከአውሮፓ ዝርያዎች ጋር ተዳቀሉ፤ በ1970ዎቹም ስጋቱ የአሜሪካ ፊልሞች ርዕስ ሆነ። በእኔ እምነት ያ ድምፅ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት የኮምፒውተር መንጋ ይበልጣል፤ እዚሁ ጎጃም፣ በአንድ ካሜራና በጥሩ ድምፅ መቅረጫ እንዲህ ያለ ፊልም ለመሥራት የሚነሳ ወጣት ቢኖር፣ የሽታውን ነገር ሳያስቀሩ የሚያማክሩት እንደ አጎቴ ያሉ ንብ አናቢዎች በየመንደሩ አሉ።