ሁለት ዓመት ለአንቴና አጭር ነው

ዛሬ ሙሉ ቀን የአንቴና ጆርናሎችን ኢምፓክት ፋክተር (የጆርናል ተጽዕኖ የሚለካበትን ቁጥር) ሳነጻጽር ዋልኩ። ጽሑፌን የት ልላክ የሚለው እንቅልፍ ነስቶኛል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ባለፉት 2 ዓመታት የወጡ ጽሑፎች ዘንድሮ የተጠቀሱበት ብዛት ለጽሑፎቹ ቁጥር ይካፈላል።

ግን እኮ ተመራማሪው ጆርጅ ዴሻምፕስ የማይክሮስትሪፕ አንቴናን (በሰሌዳ ላይ የሚታተመውን ጠፍጣፋ አንቴና) ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ በደንብ ሥራ ላይ የዋለው በ1970ዎቹ! መሐንዲሱ ሃራልድ ፍሪስ በ1946 ያሳተማት አጭር ቀመርም ዛሬ ከሰዓት የሲግናል ኃይል ሳሰላ ከእጄ አልወጣችም። ይህን የትኛው የ2 ዓመት መስኮት ያየዋል?

አሁን ብዙው ተመራማሪ ወደ ሜታሰርፌስ (ሞገድን እንዲቆጣጠር የተነደፈ ስስ ገጽ) እና ወደ ሚሊሜትር ሞገድ (በጣም አጭር የሬዲዮ ሞገድ) እያመራ ነው። ድንቅ ሥራ አለበት፣ እወደዋለሁም። እኔ ግን ለገጠር የሚሆነውን ርካሽ አንቴናዬን ለቁጥር ብዬ አልተወውም። ነገ ጠዋት የልኬቱን ግራፍ አስተካክዬ፣ አንቴና የሚሠሩ መሐንዲሶች ወደሚያነቡት ጆርናል እልከዋለሁ።